የሸዋው ዓለማችን ከሌሎቹ ጋር ይገናኝ ወይስ ለብቻው ይቁም?

አስተባባሪው (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ቤተሰብ። ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ፦ ደብረ ብርሃን ላይ አንኮበርም ላይ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የምንጫወት ጠረጴዛዎች አሉን፤ ጨዋታ መሪው በምናብ ዓለም ውስጥ ታሪክ ይመራል፣ ተጫዋቹ የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ ዳይስ እየወረወረ ይጫወታል። የአንኮበሮቹ ከሰሜን ሸዋ የተቀዳ ዓለም እየሠሩ ነው፤ አምባው፣ ጭላዳ የሚውልበት ጓሳ፣ የሚቆረጥመው ውርጭ ሁሉ አለበት። ጥያቄው፦ ይህ ዓለም እኛ ከምንጫወትባቸው ዓለማት ጋር በር ይኑረው ወይስ ዝግ ይሁን? ዓመት የምትጠቅሱ በፈረንጅ አድርጉት። ስድብ የለም።

መንዜው፦
ይገናኝ እንጂ! ጨዋታው ሲወለድም እንዲሁ ነበር። በ1974 ሲወጣ ፈጣሪዎቹ ጋሪ ጋይጋክስ ግሬይሆክ፣ ዴቭ አርንሰን ብላክሙር የሚባል የየራሳቸው ዓለም ነበራቸው። ተጫዋቹ ገጸ ባሕርይውን ይዞ ከአንዱ ጨዋታ መሪ ወደ ሌላው ይሻገር ነበር። ጋይጋክስ በ1977 ድራገን መጽሔት ላይ ሰማያቱንና ሲኦሎቹን በአንድ ካርታ ዘረጋቸው። በ1979 የወጣው የጨዋታ መሪው መጽሐፍማ ገጸ ባሕርይን ወደ ካውቦይ ጨዋታ የሚያሻግር ሕግ ሁሉ ነበረው። ታዲያ እኛ ምን ቤት ነን የምንዘጋው?

የአንኮበሯ፦
ተው እንጂ መንዜው። ሰው ማሻገር ሌላ፣ ዓለምን መስፋት ሌላ። ድራጎንላንስ የሚባለውን የጨዋታውን ዓለም እይ፣ የ1984ቱን። እዚያ ወርቅ ዋጋ አጥቶ ገንዘቡ ብረት ነው። አንዱ ከሌላ ዓለም መርከብ ሙሉ ሰይፍ ጭኖ ቢመጣ በአንድ ቀን ከበርቴ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አማልክቱ ናቸው። ሕዝቡን ጥለው ሄደዋል፤ የታሪኩ አንጀት እነሱ እንዴት እንደሚመለሱ ነው። ከጎረቤት ዓለም አንድ ካህን መጥቶ በሽተኛ ሁሉ ከፈወሰ ምን ቀረ? የእኛም ዓለም እንደዛ የራሱ ረሃብ አለው። በር ከተከፈተ የሌሎች ጀግና ማደሪያ ነው የሚሆነው።

ዳይስ ወርዋሪው (ሸዋ ሮቢት)፦
እህቴ፣ ያነሳሽው ችግር በ1989 መልስ ተሰጥቶታል። ጄፍ ግሩብ ከዓለም ዓለም በመርከብ የሚሻገሩበትን ስፔልጃመርን ሲያወጣ ዓለማቱን እንዲሁ አልጠፈጠፋቸውም። እያንዳንዱን በክሪስታል ቅርፊት ውስጥ ዘጋበት። በቅርፊቶቹ መሃል ያለው ነገር ደግሞ እሳት ሲነካው ይፈነዳል፤ ሻማ የለኮሰ መርከበኛ ቀልቡን ሳይገዛ ይነዳል። ካህኑም ቢሆን አምላኩ የማይመለክበት ቅርፊት ውስጥ ከገባ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ያለው ድግምት አይታደስለትም። (ካህንና ድግምት አብረው ሲጠሩ እናቴ ብትሰማ ጉዴ ነው።) ስለዚህ ፈዋሽሽ መጣ እንበል፤ ትልቁን ተአምር አገሩ ጥሎ ነው የሚመጣው።

የአንኮበሯ፦
እሱ በወረቀት ላይ ነው። ባለፈው ከሌላ ጠረጴዛ የመጣ ልጅ ሰይፉን መዝዞ ወር ሙሉ የለፋንበትን አውሬ በአንድ ምት ዘረረው። የትኛው ቅርፊት አስቆመው?

ጋሼ መምህር፦
ልጆች፣ አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ሁሉ የሚያያይዘው ማን እንደሆነ አትርሱ። የጨዋታው አሳታሚ ቲኤስአር በ1990ዎቹ ዓለም በዓለም ላይ ደረበ፦ ራቨንሎፍት፣ ዳርክ ሰን፣ ፕሌንስኬፕ። ገዢው ተከፋፈለ፤ አንዱን የገዛ ሌላውን አልገዛም። በ1997 ድርጅቱ ለዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ተሸጠ። አዲሶቹ ባለቤቶች በ2008 የድሮውን የሰማይ ካርታ ጣሉት፣ በ2014 መለሱት። ኤበሮን የሚባለው ዓለም በ2004 ሲወጣ የራሱ ሰማይ ነበረው፤ በ2019 ግን በትልቁ ካርታ ጥግ ላይ ተደብቆ ተገኘ። የእናንተም ዓለም አንድ ጊዜ ከተያያዘ ሌላ ሰው ነው የሚያስተካክለው።

መንዜው፦
ጋሼ፣ ያሉት ልክ ነው፤ ግን ቲኤስአርን የጣለው ያ ብቻ አይደለም። ከመጻሕፍት አከፋፋዩ የተመለሰው ያልተሸጠ ክምርም አለ፤ እሱም ትልቅ ጉዳት ነበር። ኤበሮንንም ቢሆን የፈጠረው ኪት ቤከር ራሱ ከ2019ኙ መጽሐፍ አዘጋጆች አንዱ ነበር። በግድ አልተወሰደበትም።

ጋሼ መምህር፦
ይሁን። እሱ ቢያንስ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። አንኮበሮቹስ ማን ጠየቃቸው? ድምፅ ከመስጠታችን በፊት እነሱ ይናገሩ።

አስተባባሪው፦
ጋሼ ልክ ብለዋል። የአንኮበሯ፣ ጭራሽ አይሆንም ነው የምትይው?

የአንኮበሯ፦
ጭራሽ አላልኩም። ፕሌንስኬፕን እወደዋለሁ። የ1994ቱ ሲጊል ከተማ በሮቿ የትም ይወስዳሉ፣ ግን ቁልፉን የማያውቅ ሰው ለእሱ ግድግዳ ነው። ቁልፉም የብረት ብቻ አይደለም፤ አጥንት ወይም የእጅ ምልክት ሊሆን ይችላል። እንደዛ ከሆነ እስማማለሁ። ጓሳን በደንቡ ዘግቶ እንደሚያከርም ሕዝብ እንሁን፤ ሣሩ እስኪደርስ ማንም አይነካውም፣ ሲፈቀድ ይገባል። እኛ መጀመሪያ ዓለማችንን ጨርሰን እንጫወትበት፣ መክፈቻውን እኛ እንወስን። የገባም ሰው ሰይፉን በር ላይ ያስቀምጣል።

ዳይስ ወርዋሪው፦
ሰይፉን ማስቀመጥ አይዋጥልኝም። ይግባ፣ ግን ተራ ሰይፍ ይሁንበት። ሙልጭ አድርጋችሁ ከቀማችሁትማ ማን ይመጣል?

መንዜው፦
እኔ እመጣለሁ። ቁልፉ ግን ምን ይሁን? የባና ክር ብንለውስ?

የአንኮበሯ፦
ባና መንዝ ቤት ሁሉ አለ፤ ከነቤተሰብህ ልትገባብኝ ነው እንዴ? ቁልፉን ለጋሼ ብቻ በውስጥ እነግራቸዋለሁ።

ጋሼ መምህር፦
ላኪልኝ። ለመንዜው አልናገርም።