ባህር ዳር ለአንድ ቀን ብቻ፣ የቱን እንቁረጥ?

ሰባት ነን
ሰላም ለሁላቹም። የፊታችን ቅዳሜ ከድሮ የሥራ ጓደኞቼ ጋር ባህር ዳር ነን፣ ሰባት ነን አራቱ ሴቶች። አርብ ማታ በአውሮፕላን ገብተን እሁድ በጠዋት ስለምንመለስ ያለችን ቅዳሜ ብቻ ናት። አንዷ ጓደኛችን ፕሮግራም ብላ የላከችልን ላይ ክብራን ገብርኤል፣ ዘጌ፣ ደጋ እስጢፋኖስ፣ ናርጋ ሥላሴ፣ ጢስ ዓባይ፣ ማታ ደሞ ቤዛዊት ይላል 😅 ይሄ በአንድ ቀን ያልቃል እንዴ? ካላለቀ የቱ ይቀነስ? ጊዜው መጋቢት ነው፣ ሁዳዴም ነው፣ ሦስቱ ፆመኛ ናቸው።

የፔዳ ልጅ
ሳቄ መጣ። ፔዳ (ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ) ስማር ልክ እንደዚ አድርገን ወጥተን ነበር ስድስት ሆነን። ቁርስ እንብላ ፎቶ እንነሳ ስንል አምስት ሰዓት ላይ ጀልባ ያዝን፣ መጀመሪያ ክብራን ገብርኤል ወረድን፣ እዛ ሴት እንደማይገባ ከመሃላችን ያወቀ የለም፣ ሁለቱ ሴቶች ዳር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን፣ አንዷ እስካሁን ስታነሳብኝ ትኖራለች። ከዛ ወደ ዘጌ ስንሄድ ከሰዓት ነፋሱ ተነሳ፣ ጣና ጠዋት መስታወት ነው ከሰዓት ሌላ ሐይቅ ነው፣ ማዕበሉ እየገባ ሁላችንም ጫማችን ድረስ ረጠብን፣ ከመሃላችን ስለት ያልተሳለ የለም 😂

ስለዚ አራት ሴት ይዘህ ክብራንን እርሳው። ደጋ እስጢፋኖስም ያው ነው ለወንድ ብቻ ነው። የነዘርዓ ያዕቆብና የነፋሲል አፅም ያለበት ስለሆነ ያጓጓል ግን እሩቅ ነው፣ በተራ ጀልባ መሄጃው ብቻ ግማሽ ቀን ይበላል። ናርጋ ሥላሴን የእቴጌ ምንትዋብን ሥራ ሴትም ታየዋለች ግን እሱም ደቅ ደሴት ላይ ነው፣ ለብቻው ቀን ይፈልጋል። ከክብራን ጎን ያለው እንጦስ ኢየሱስ ሴት ያስገባል፣ ደሴት ረገጥን ለማለት ከፈለጋቹ ለሱ ግማሽ ሰዓት በቂ ነው።

ባህርዳሬው
ወንድሜ እኔ እዚሁ ነኝ። ዘጌን ብቻ ያዙ ግን በደንብ ያዙት። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባ ላይ ሁኑ። ሳትሳፈሩ በፊት ዋጋውን ለሙሉ ጀልባው ተነጋገሩ፣ በሰው እንዳይሆንባቹ፣ የት የት እንደሚቆም፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃቹ፣ ላይፍ ጃኬት ለሰባታቹም መኖሩን በዓይናቹ እዩ። የገዳሙ መግቢያ ለብቻው ነው የሚከፈለው።

ከወረዳቹ በኋላ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በቡናው ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል ዳገት ነው፣ ግራና ቀኝ ዕቃ የሚሸጡ አሉ ስትመለሱ ግዙ አሁን ከያዛቹት ተሸክማቹ ነው ምትወጡት። እዛ ለምን ጫካው እንዳለ ቀረ ብትሉ የዘጌ ሰው በሬ ጠምዶ አያርስም፣ አቡነ በትረ ማርያም ከልክለዋል ይባላል፣ ኑሮው ቡናና ጌሾ ነው። ቤተክርስቲያኑ ውስጥ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው፣ በላዔ ሰብእን ፈልጉት፣ ያ 78 ሰው በልቶ ለተጠማ ሰው በሰጣት ጥርኝ ውሃ የዳነው። ነጠላ ያዙ፣ ካልሲ ደሞ አትርሱ፣ ጫማ ወልቆ ነው ሚገባው ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አለ (ነገርኳቹ ብዬ ነው)። አዝዋ ማርያም እዛው ወደብ አጠገብ ናት፣ ስትወርዱ ጎራ በሉ።

ተጓዥ_27
እኔ አልስማማም፣ ባህር ዳር ሄዶ ጢስ ዓባይን ሳያዩ መመለስ ምን ይባላል? 30 ኪሎ ሜትር እኮ ነው። እኔ ጥቅምት ላይ ሄጄ ከሩቅ ፊቴን በጭጋግ ነው ያራሰኝ።

ባህርዳሬው
ጥቅምት አልክ እኮ! እነሱ መጋቢት ነው ሚመጡት። ውሃው ለኤሌክትሪክ ይጠለፋል፣ ከዛ ደሞ ከ2002 ጀምሮ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከራሱ ከሐይቁ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስዳል፣ በጋ ላይ ፏፏቴው ቀጥኖ ገደሉ ነው ሚታየው። አንዳንዴ ይለቁታል ግን እሱን ተማምኖ ሰባት ሰው አይጫንም። እዛው ጢስ ዓባይ ያለውን የድሮ ድልድይ ለማየት ከሆነ እሺ፣ የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው፣ እሱ ውሃ ኖረም አልኖረም አለ።

ሰባት ነን
ተመስገን ጠየቅኩ። ዘጌና እንጦስ ኢየሱስ ብለን ጨረስን፣ ፕሮግራም ያወጣችው ልጅ አኩርፋለች። ከሰዓት ምን እናድርግ? ዓሣ ደሞ የት ይሻላል?

የፔዳ ልጅ
ከሰዓት ምሳ ብሉና አረፍ በሉ፣ አስር ሰዓት ተኩል ላይ በባጃጅ ቤዛዊት ውጡ። የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ውስጥ አትገቡም ግን ከላይ ዓባይ ከጣና ሲወጣ ታያላቹ፣ ዕድል ካላቹ ጉማሬም። ዓሣ ሐይቁ ዳር ያሉት ቤቶች ሁሉም ይሠራሉ፣ ቀረሶ ጥብስ በሉ፣ ዱለቱንም ሞክሩ። በፆም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ግን እዚህ አታንሱብን፣ ለሦስቱ በያይነት እዘዙላቸው።

ባህርዳሬው
ቀረሶ አጥንቱ ትልልቅ ነው ለአዲስ አበባ ሰው ይመቻል 😁 ስትመለሱ ካልሲው ጉዳይ ምን ሆነ ብላቹ ጻፉልን።