እጄ ብዕር ረስቷል፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። እስቲ አንድ ነገር አማክሩኝ።

ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ ሚኒ ሚዲያ ላይ ወግ ጽፌ የማነበው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ሥራ መጣ። አሁን ባሕር ዳር የባጃጅ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ቀኑን ሙሉ የምጽፈው «ገባ?»፣ «ስንት ፍሬ?»፣ «እሺ» ነው። ረዘም ካለ በድምፅ እልካለሁ። ስምንት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ሰሞኑን ቤተሰቡ ለአያቴ ሙት ዓመት የሕይወት ታሪኳን ጻፍ አለኝ። «አንተ ድሮም ጸሐፊ ነህ» ብለው። (ድሮማ ነበርኩ።) አያቴ የዘጌ ሰው ናት። ቡናና ጌሾ በጀልባ እያመጣች፣ ባሕር ዳር ገበያ ሸጣ ነው ያሳደገችን። ሳወራው እንባዬ ይመጣል። ስጽፈው ግን «በጣም ደግ ነበረች» ላይ ቀጥ ይላል።

እሑድ ደብተር ይዤ ጣና ዳር ዋርካ ሥር ተቀመጥኩ። አንድ የደንገል ታንኳ እንጨት ጭና መጣች፣ አራገፈች፣ ተመለሰች። እኔ ሦስት መስመር። ሁለቱን ሰረዝኳቸው። «ሕይወት» በሐመሩ ሐ ይሁን በሃሌታው ሀ እንኳ ተምታታብኝ፤ ስልኩ ነዋ ሲመርጥልኝ የኖረው።

ሙት ዓመቱ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። መጻፍ ትታችሁ የተመለሳችሁ፣ ከምን ጀመራችሁ? በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መሞከር ይሻላል ወይስ ማንበብ ይቅደም? ለእናቴ እንደማወራት በድምፅ ቀድቼ ብገለብጠውስ፣ ያስኬዳል? «በርታ» አትበሉኝ፤ እናንተን የጠቀማችሁን ንገሩኝ።