ለማታ ሰርግ ያገለገለ 50 ሚሜ 1.8 ሌንስ ልግዛ? ከመክፈሌ በፊት ምን ልይ?

ሸዋ በር (ሐረር) – ጠያቂ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሐረር ሰርግ አነሳለሁ፤ በአብዛኛው የሴቶቹን ወገን። ካሜራዬ ሶኒ ኤ6400 ነው። ሌንሱ አብሮት የመጣው 16-50 ነው። ችግሬ ማታ ነው። ጁገል (በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ) ውስጥ ጌይ ጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) ገብታችሁ የምታውቁ ይገባችኋል። ሴቶቹ ቀይ የተቀባው መደብ ላይ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ግድግዳው ስፌት በስፌት ነው፤ መብራቱ ግን አንድ አምፖል። ዙም ሳደርግ የሌንሱ መክፈቻ (አፐርቸሩ) ከ5.6 በላይ አይከፈትም፤ ቁጥሩ ሲያንስ ነው ብርሃን የሚበዛው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 6400፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/60 ሰከንድ ላይ አድርጌ እንኳ የሚያጨበጭቡት እጆች ጭስ ይመስላሉ። ፊታቸው ደግሞ አሸዋ የተነሰነሰበት ነው የሚመስለው። ፍላሽ መጠቀም አልፈልግም፤ የቤቱን ድባብ ያጠፋዋል።

ድሬዳዋ አንድ ሻጭ ያገለገለ የሶኒ ኤፍኢ 50 ሚሜ 1.8 አለኝ ብሎኛል። ዋጋው ከአቅሜ አያልፍም። ግን አንዴ ከከፈልሽ መመለስ የለም አለኝ። ደህና መሆኑን በምን ልወቅ?

ከዚራ (ድሬዳዋ)

እህቴ፣ 1.8 መፈለግሽ ትክክል ነው። ከ5.6 ወደ 1.8 ስትሄጂ ወደ ካሜራው የሚገባው ብርሃን 10 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ያው 1/60 ላይ ብትቆዪ አይኤስኦው ከ6400 ወደ 640 ይወርዳል ማለት ነው። እኔ ብሆን ግን ሁሉንም ለአይኤስኦ አልሰጠውም። አይኤስኦ 1600 ላይ አድርጊና ሹተሩን ወደ 1/150 አካባቢ አውጪው። የሚያጨበጭብ እጅ ያኔ መልክ ይይዛል።

አንድ ነገር ግን እወቂ። 50ውን 1.8 ላይ ከፍተሽ ከ1 ሜትር ተኩል ላይ ስታነሺ ጥርት የሚለው ጥልቀት 6 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። ዓይኗ ላይ ፎከስ ካደረግሽ ጆሮዋ ይደበዝዛል። ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሦስት ሴቶች አንዷ ትንሽ ወደኋላ ካለች እሷ ትጠፋለች። ለብዙ ሰው 2.8 ያስፈልግሻል።

ፈረስ መጋላ (ሐረር)

ሌንሱ ደህና ነው አይደለም ከማለትሽ በፊት 50 ይሆንሻል ወይ የሚለውን እዪ። እኔ በዚህ ተቃጥያለሁ። ኤ6400 ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ክሮፕ፣ ማለትም ከሙሉ ፍሬም ያነሰ ስለሆነ 50ው እንደ 75 ነው የሚያየው። ከ3 ሜትር ላይ ቆመሽ ወደጎን 1.4 ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚገባልሽ። 35 ቢሆን 2 ሜትር ይገባል። ጌይ ጋር ውስጥ ደግሞ ወደኋላ ልሸሽ ብትዪ ጀርባሽ ግድግዳ ነው። ለሙሽራዋ ፊትና ሂና ለተቀባ እጅ 50ው ያምራል። መደቡን ከነሴቶቹ ልያዝ ካልሽ ግን ያንቅሻል።

ይህን ለመፈተን ሳንቲም አታወጪም። 16-50ውን ስክሪኑ ላይ 35 እስኪል አምጪና ሳትነኪው አንድ ሰርግ አንሺ። በሚቀጥለው 50 ላይ አድርጊው። ጨለማውን እርሺው፤ የምታዪው ስፋቱን ነው። የቱ ላይ እንደተጨነቅሽ ራስሽ ታውቂዋለሽ።

ሌላው ደግሞ ካሜራሽ በራሱ ንዝረት አይቀንስም። ያ ኤፍኢ 50ም የለውም። ለክሮፕ የተሠሩት የሶኒ 35 1.8 እና 50 1.8 ግን ኦኤስኤስ አላቸው፤ የእጅ መንቀጥቀጥን ይቀንሱልሻል። የምትጨፍረውን ሴት ግን ኦኤስኤስ አያቆማትም፤ እሷን የሚያቆማት ሹተር ብቻ ነው።

ለገሀሬ (ድሬዳዋ)

እኔ ያገለገለ ሌንስ ስገዛ የማደርገውን ልንገርሽ። ካሜራሽን፣ ሙሉ ባትሪና የራስሽን ሜሞሪ ይዘሽ ነይ። ሻጩ በራሱ ካሜራ ያነሳውን ፎቶ ቢያሳይሽ አትቀበዪ። ከሰዓት ነይ፤ ሱቁም ውስጥ ውጪም መሞከር አለብሽ።

መጀመሪያ የስልክሽን መብራት ከሌንሱ በስተኋላ አብሪና ከፊት አግድም እዪ። ጥቂት የአቧራ ነጥብ ምንም አይደለም፤ ፎቶ ላይ አይታይም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ክር ካየሽ ግን ሻጋታ ነው፤ ሌንሱን መልሺለት። ቀጥሎ ካሜራሽ ላይ ግጠሚና አፐርቸሩን 11 ላይ አድርጊ። ካሜራው በርቶ እያለ በፊት በኩል ስታዪ የተዘጉት ቢላዎች ይታዩሻል። ደረቅ መሆን አለባቸው፤ የሚያብለጨልጭ የዘይት እድፍ ካለ ተዪው።

አሁን ዋናው ፈተና። ከሱቁ ፊት ለፊት ራቅ ያለ ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ፈልጊ። 1.8 ላይ ክፈቺ። ጽሑፉን መጀመሪያ መሃል አድርገሽ አንሺ፤ ከዚያ በላይ ግራ ጥግ፣ በላይ ቀኝ፣ በታች ግራ፣ በታች ቀኝ። በእያንዳንዱ ጊዜ ፎከሱን ጽሑፉ ላይ አድርጊ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አጉልተሽ አወዳድሪ። አራቱም ጥጎች ከመሃሉ ትንሽ ደከም ካሉ ችግር የለም፤ ርካሽ ሌንስ 1.8 ላይ እንደዚያው ነው፤ 4 ላይ ስትዘጊው ይስተካከላል። ሦስቱ ጥሩ ሆነው አንዱ ብቻ ከደበዘዘ ግን ውስጡ ያለው መስታወት ቦታውን ለቋል፤ ምናልባት ወድቆ ይሆናል። እሱን በምንም ዋጋ አትግዢው።

ከዚያ አምፖል ወይም የሚያብረቀርቅ ብረት ፍሬሙ ውስጥ አስገቢና አንሺ። ጠርዙ ላይ ሐምራዊ ቀለም ሊወጣ ይችላል። ለሙሽራዋ ጌጥ ይህ ያስጠላል፤ 2.8 ላይ ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም የሚለውን እዪ።

መጨረሻ ላይ ፎከሱን ቅርብና ሩቅ እያቀያየርሽ 20 ጊዜ ያህል ሞክሪ። ያ ኤፍኢ 50 ፎከሱ ቀርፋፋ ነው፣ ድምፅም አለው። ይህ የሌንሱ ጠባይ እንጂ ብልሽት አይደለም። ቪዲዮም የምትቀርጪ ከሆነ ግን የካሜራሽ ማይክ ያንን ድምፅ ይይዘዋል።

አዲስ አባል

ማስመሪያ አጋድማ አንስታ ፎከሱ ወደፊት ወይ ወደኋላ መሳቱንም ብታይ አይሻልም? እኔን እንደዚያ ብለው አስተምረውኛል።

ለገሀሬ (ድሬዳዋ)

ወንድሜ፣ እሱ ውስጣቸው መስታወት ላላቸው የድሮ ካሜራዎች ነው። እነሱ ፎከሱን የሚለኩት ከሴንሰሩ ውጪ ስለነበር ልዩነት ይፈጠር ነበር። ሚረርለስ (እንደ እሷ ካሜራ መስታወት የሌለው) እዚያው ሴንሰሩ ላይ ነው የሚለካው። ጊዜዋን ለጥጎቹ ትስጠው።

ከዚራ (ድሬዳዋ)

በጀቱ ከጠበበ እንደ ቲቲአርቲሳን 35 1.4 ያለ በእጅ የሚፎከስም አለ። ካሜራው እንዲህ ያለውን ሌንስ ስለማያውቀው መጀመሪያ ሜኑው ውስጥ ገብተሽ ካሜራው ያለ ሌንስም እንዲያነሳ ካላደረግሽው አይተኩስልሽም። ግን ለሚንቀሳቀስ ሰርግ አልመክርሽም። ለቁም ፎቶ ይሁን።

አንድ ነገር ረሳሁ። ድምፅ የሌለውን ሹተር ቤት ውስጥ አትጠቀሚ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንድ አምፖል ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ያሰምርብሻል። ሲያጋጥምሽ ወደ 1/100 ውረጂ።

ሸዋ በር (ሐረር) – ጠያቂ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ቅዳሜ ድሬ ወርጄ ነበር። መጀመሪያ እንዳላችሁኝ ሁለት ሰርግ በ35 እና በ50 አነሳሁ። 50 ላይ ያነሳኋቸው ግማሾቹ የሆነ ሰው ትከሻ ላይ ተቆርጠዋል።

ሌንሱን ይዤ ወደ ድሮው ባቡር ጣቢያ ሄድኩና ፊቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ በአምስቱም ቦታ አነሳሁት። ከውጭ ሲታይ ጭረት እንኳ የለውም። በታች ግራ ጥግ ላይ ግን ፊደሎቹ ተደራርበው ሁለት ሁለት ሆነው ወጡ። ሌሎቹ ሦስት ጥጎች ደህና ነበሩ። ለሻጩ ሳሳየው ዝም አለ፤ ቆይቶ አንድ ያገለገለ 35 1.8 ኦኤስኤስ ከመደርደሪያ አወረደልኝ። በዋጋ ትንሽ ከበደኝ። እሱንም እንደዚያው ፈተንኩት፤ አራቱም ጥግ እኩል ነው። ገዛሁት።

ትናንት ማታ ይዤው ገባሁ። 2 ላይ፣ አይኤስኦ 2000፣ 1/125። ከበሮ የምትመታዋ ሴትዮ ጣት ላይ ያለው ቀለበት ሳይቀር ይታያል፤ ከኋላዋ ያለው ስፌት ለስለስ ብሎ ቀለሙን እንደያዘ ነው። የፊት ክዳኑ ግን አብሮት የለም። ስንት ሚሜ ልግዛ?

ፈረስ መጋላ (ሐረር)

49። ፎቶውን አሳዪን አቦ!