ዳቦ ካቆምኩ ወዲህ ሆዴ ረገበ፤ ሐኪሙ ግን ተመልሰሽ ብዪ ይለኛል

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ለዓመታት ምግብ በበላሁ ቁጥር ሆዴ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ አንዳንዴም ያስቀምጠኛል። ድካሙ ደግሞ ለብቻው ነው። ደሜን ስመረመር ሁልጊዜ የአይረን እጥረት አለብሽ ይሉኛል። ክኒን ስወስድ ትንሽ ከፍ ይልና ተመልሶ ይወርዳል። በቅርቡ በራሴ ውሳኔ ዳቦ፣ ፓስታና ኬክ አቆምኩ፤ ብዙም ሳይቆይ ሆዴ ረገበ። ወተት ግን አሁንም አይስማማኝም፣ ሽንኩርት የበዛበት ምግብም እንዲሁ።

ለሐኪሜ ስነግረው ሴሊያክ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለብሽ፣ ለምርመራው ግን ስንዴ መብላት ጀምሪ አለኝ። ጭራሽ የሚያሳምመኝን ነገር ፈልጌ ልብላ? ምርመራው የግድ ነው ወይ? ሌላው፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቼ ስንዴ ይበላሉ፤ አንድ ወጥ ቤት እንዴት ነው የምንካፈለው? ደግሞ የደም ጠብታ በፖስታ ተልኮ ከመቶ በላይ ምግብ የሚመረመርበት ኪት አይቻለሁ፤ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

ከሴሊያክ ጋር የምኖር፦
እህቴ፣ ሐኪምሽ ልክ ነው፤ ቢመርሽም ስሚው። ሴሊያክ አንድ ምግብ አልስማማ አለኝ ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) ሲገባ የሰውነት መከላከያ ዞሮ የራሱን ትንሹን አንጀት የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ምግብ የሚመጥጡት ጥቃቅን ጣት መሰል ነገሮች እየተመናመኑ ጠፍጣፋ ይሆናሉ። አይረን በዋናነት የሚመጠጠው ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሴሊያክ አብዝቶ የሚጎዳውም እዚያው ነው። ክኒን እየዋጥሽ የማይሻሻለው ደምሽ ለኔ ከሆድሽ መነፋት የበለጠ ያጠራጥረኛል።

የመጀመሪያው ምርመራ ቲቲጂ አይጂኤ የሚባል የደም ምርመራ ነው። ሰውነት ግሉተን ሲገባበት የሚያመርተውን አንቲቦዲ ነው የሚፈልገው። ግሉተን ካቆምሽ አንቲቦዲውም ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ያኔ ብትመረመሪ ‘የለብሽም’ ትባያለሽ፣ በሽታው ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። ናይስ የሚባለው የእንግሊዝ የጤና ተቋም መመሪያ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ6 ሳምንት፣ በቀን ከአንድ በላይ በሆነ ማዕድ ግሉተን ያለበት ምግብ መብላት ያስፈልጋል ይላል። አጠቃላይ የአይጂኤ መጠንም አብሮ እንዲታይልሽ ጠይቂ፤ ይህን የአንቲቦዲ ዓይነት በበቂ የማያመርቱ ሰዎች ላይ የቲቲጂው ውጤት ያሳስታል። ደሙ ጥርጣሬ ካሳየ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ከአንጀት ናሙና ይወሰዳል፤ ለሱም ስንዴ መብላቱን አታቋርጪ።

ስንዴውን ጀምረሽ ፈጽሞ ካልቻልሽው ስለ ዘር ምርመራ ጠይቂው። ኤችኤልኤ ዲኪው2 እና ዲኪው8 የሚባሉትን ዘረ መሎች የሚያይ ነው፤ ምግብ ብታቆሚም ውጤቱ አይለወጥም። ሁለቱም ከሌሉብሽ ሴሊያክ አይደለም ማለት ይቻላል። ቢገኙ ግን ብዙም አይነግርሽም፤ ከሰው ሁሉ ሲሶ ያህሉ ተሸክሟቸው በጤና ይኖራል።

ሳልመረመር የተሻለኝ፦
እኔ አንድም ምርመራ አላደረግኩም። ስንዴ ተውኩ፣ ተሻለኝ፣ አለቀ። ሰውነትሽ የነገረሽን ስሚ። ለወረቀት ብለሽ ለምን ትሠቃያለሽ?

ከሴሊያክ ጋር የምኖር፦
ወንድሜ፣ ላንተ ስለተመቸህ ደስ ይለኛል፤ የእሷ ጉዳይ ግን በወረቀት አያልቅም። ሴሊያክ ከሆነ ዕድሜ ልኳን ፍርፋሪ ሳይቀር መጠንቀቅ አለባት። የአጥንቷ ጥንካሬ ይለካል፣ ፎሌት፣ ቢ12 እና ቫይታሚን ዲ ይታያል፣ ልጆቿም ይመረመራሉ። ካልሆነ ደግሞ ቤት ሙሉ ዕቃ መለየት፣ ሰው ቤት ሄዶ ምግብ መፍራት፣ ይሄ ሁሉ ላያስፈልጋት ይችላል። ሳታውቅ ከቀረች ወይ በከንቱ ትጨነቃለች፣ ወይ ‘ዛሬ ትንሽ ብበላ ምን አለበት’ እያለች አንጀቷን ትጎዳለች። ሴሊያክ ያለበት ሰው ሁሉ ደግሞ በበላ ቁጥር አያመውም፤ ምንም ሳይሰማው ውስጡ የሚጎዳ ብዙ ነው። ሰውነትህን ስማ የሚለው ምክር እዚህ ላይ አይሠራም።

የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ፦
በዚህ እኔም እስማማለሁ፤ መጀመሪያ ምርመራው። ግን ከጽሑፍሽ ‘ሽንኩርት’ የሚለው ቃል ሳበኝ። ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን ብቻ አይደለም። ፍሩክታን የሚባል ካርቦሃይድሬትም አለው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በፍሩክታን የታወቁ ናቸው። ትንሹ አንጀት ስለማይፈጨው ትልቁ አንጀት ደርሶ ባክቴሪያ ያብላላዋል፤ ጋዙና መነፋቱ ከዚያ ይመጣል። በ2018 የወጣ የኖርዌይ ጥናት ሴሊያክ የሌለባቸውን፣ ግሉተን አይስማማንም የሚሉ 59 ሰዎች ወስዶ የትኛውን እንደሚበሉ ሳያውቁ ግሉተን፣ ፍሩክታን ወይም ሁለቱም የሌለበት ምግብ እያፈራረቀ ሰጣቸው። ሆዳቸውን የበለጠ የረበሸው ፍሩክታኑ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ዳቦ ስተው ተሻለኝ ማለት ጥፋተኛው ግሉተን ነው ማለት አይደለም።

ወተቱ ደግሞ ሁለት መልክ አለው። የወተትን ስኳር (ላክቶስን) የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም የሚመረተው ቅድም በተጠቀሱት ጣት መሰል ነገሮች ጫፍ ላይ ነው። በሴሊያክ ከተጎዱ ላክቴዙም ይጠፋል፤ አንጀቱ ሲድን ብዙ ጊዜ ወተቱም ይመለሳል። ከሴሊያክ ውጭም ቢሆን ከአዋቂው የዓለም ሕዝብ አብዛኛው ላክቶስን በሙላት አይፈጭም። ያም ሆኖ ጭራሽ መከልከል ብርቅ ነው፤ ብዙ ሰው አንድ ብርጭቆ ወተት የሚይዘውን 12 ግራም ያህል ላክቶስ፣ በተለይ ከምግብ ጋር ሲሆን፣ ያለ ችግር ይችለዋል። የቆየ ጠንካራ አይብ ላክቶስ የለውም ለማለት ይቻላል። እርጎም ከወተት ይሻላል። ወተትን ሙሉ በሙሉ የምትተይ ከሆነ ካልሲየሙን ከሌላ ቦታ መተካትሽን እርግጠኛ ሁኚ።

ሴሊያክ እንደሌለብሽ ከተረጋገጠ በአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውን የፎድማፕ (እንደ ፍሩክታንና ላክቶስ ያሉ አንጀት ውስጥ የሚብላሉ ካርቦሃይድሬቶች) አካሄድ ከባለሙያ ጋር ሞክሪ። ከ2 እስከ 6 ሳምንት የሚጠረጠሩትን ቀንሰሽ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለስሽ የቻልሽውን ታስቀሪያለሽ። ሰው የመጀመሪያውን ክፍል ይይዝና መመለሱን ይረሳል። ለወራት በጥቂት ምግብ መኖር ጤና አይደለም፤ መመለሱ ነው ዋናው ሥራ።

ኪቱን አትግዢ። እነዚህ አብዛኞቹ የሚለኩት አይጂጂ የሚባል ሌላ ዓይነት አንቲቦዲ ነው፤ እሱ አንድን ምግብ በልተሽው እንደምታውቂ እንጂ እንደማይስማማሽ አያሳይም። የአውሮፓና የአሜሪካ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት ለዚህ ጉዳይ አይጠቅምም ብለዋል። አብዝተሽ የምትበያቸው ምግቦች ዝርዝሩ አናት ላይ ይመጡና የምትወጂውን ሁሉ ትተሽ ትቀመጫለሽ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስንዴ በበላሽ በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈር ማበጥ፣ የቆዳ ሽፍታ ወይም የመተንፈስ ችግር ካለ ያ አለርጂ ነው፣ ሌላ ጉዳይ ነው። እንዲህ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትነግሪ እንዳትጀምሪ።

የሴሊያክ ልጅ አባት፦
ስለ ወጥ ቤቱ እኔ ልመልስ። ልጄ ሴሊያክ አለባት፣ ሌሎቻችን ስንዴ እንበላለን፣ በአንድ ወጥ ቤት ነው የምንኖረው። ዋናው ጠላት ፍርፋሪ ነው። አንድ ቁራጭ የተከተፈ ዳቦ ወደ 2 ግራም ግሉተን አለው። አብዛኛው የሴሊያክ ሰው በቀን ከ10 ሚሊግራም በታች ከሆነ አንጀቱ አይጎዳም ይባላል። ይህ ቁራጩ ካለው ግሉተን ከሁለት መቶ አንድ እጅ ነው፤ ሳህን ጠርዝ ላይ የምትቀር ፍርፋሪ ማለት ነው።

ይህን ለማየት የጋራ ቅቤ ያለበትን ዕቃ ክፈቺና ብርሃን ላይ አዘንብለሽ ተመልከቺ። ቢላው ከዳቦ ወደ ቅቤ፣ ከቅቤ ወደ ዳቦ ሲመላለስ ፊቱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይተዋል። ማርማላታውም፣ ማሩም እንዲሁ ነው። ያንቺ የራስሽ ዕቃ ይኑርሽ፣ ክዳኑ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፊ፤ ልጆች ቀለም ያስታውሳሉ።

ለብቻ መሆን ያለባቸው ብዙ አይደሉም፦ ዳቦ መጥበሻው፣ የእንጨት መክተፊያና መዳመጫው፣ የፓስታ ማጥለያው፣ የዱቄት ወንፊቱ። ቀዳዳና ስንጥቅ ያለው ነገር ቢታጠብም ያስቀራል። ብረት ድስት፣ ሸክላ ሳህንና ብርጭቆ በሳሙናና በውሃ በደንብ ከታጠበ ይበቃል። ግሉተን ጀርም አይደለም፤ አፍልቼዋለሁ፣ ጠብሼዋለሁ ብለሽ አይሞትም። ዳቦ የተጠበሰበት ዘይት ውስጥ ድንች ከተጠበሰ ድንቹ አይሆንልሽም። የስንዴ ዱቄት ሲቦካ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ በዚያ ሰዓት ያንቺ ምግብ ክፍት አይቀመጥ። መደርደሪያ ላይ ያንቺ ከላይ፣ የስንዴው ከታች።

ከሁሉ የረዳን ግን ሁለት ዓይነት ምግብ መሥራት መተዋችን ነው። ሾርባውም ሶሱም በበቆሎ ስታርች ይወፍራል፣ ቅመሙ ያልተቀላቀለ ይገዛል፣ ሁላችንም ያንኑ እንበላለን። የሚለየው ዳቦና ፓስታ ብቻ ነው፤ የሷ ፓስታ ደግሞ ቀድሞ ይቀቀላል።

ገበያ ስትወጪ ‘ከስንዴ ነጻ’ እና ‘ከግሉተን ነጻ’ አንድ አይደሉም። ስንዴ ባይኖርበትም የገብስ ብቅል ሊኖርበት ይችላል። ‘ከግሉተን ነጻ’ የሚለው ኮዴክስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ መለኪያ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም የማይበልጥ ማለት ነው። ሶይ ሶስ ብዙውን ጊዜ ስንዴ አለበት፤ የሾርባ ኩብ፣ ቋሊማ፣ ዝግጁ ሶስ፣ የብቅል ኮምጣጤ እያነበብሽ ግዢ። መድኃኒትም ስትወስጂ ፋርማሲውን ጠይቂ።

ዳቦ ጋጋሪዋ፦
ልጄ፣ ስለ ዳቦው አትሥጊ፣ ይጋገራል። ብቻ የስንዴ ዳቦ ይሆንልኛል ብለሽ አትጀምሪ። የስንዴን ሊጥ የሚለጥጠውና የእርሾውን አየር የሚይዘው ግሉተኑ ነው፤ ሩዝና በቆሎ ያንን አያውቁም። በሱ ቦታ ሲሊየም የሚባለውን የዘር ገለባ ተጠቀሚ፤ ለ500 ግራም ዱቄት ከ20 እስከ 25 ግራም ይበቃል። መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ጨምረሽ ስታማስዪው እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፣ ከዚያ ዱቄቱ ላይ ታፈሺዋለሽ። ውሃው ከለመድሽው ይበዛል፣ ሊጡም እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ደንግጠሽ ዱቄት አትጨምሪበት፣ ድንጋይ ይሆንብሻል። በኩባያ ሳይሆን በሚዛን ሥሪ፣ ዱቄቶቹ ክብደታቸው አንድ አይደለም።

ከምድጃ ሲወጣ ሽታው ቁረጪኝ ይልሻል። አትቁረጪው፤ ሙሉ በሙሉ ካልቀዘቀዘ ውስጡ ሙጫ ነው። በነጋታው ስለሚደርቅ ቆራርጠሽ በረዶ የሚሠራው ማቀዝቀዣ (ፍሪዘር) ውስጥ ክተቺና የምትበዪውን ብቻ አውጥተሽ ጥበሺ።

የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ፦
እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የተዘጋጀው ‘ከግሉተን ነጻ’ ብስኩትና ዳቦ ብዙ ጊዜ ስታርችና ስኳር ይበዛበታል፣ ፋይበሩ ያንሳል። አንዳንድ ሰዎች ሴሊያካቸው ታውቆ ስንዴ ካቆሙ በኋላ የሆድ ድርቀት የሚይዛቸው ለዚህ ነው። በተፈጥሮው ግሉተን የሌለበት ሞልቷል፦ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ድንች፣ ባቄላ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ አትክልትና ፍራፍሬ። ዱቄት ከሆነ ግን ስንዴ የሚፈጭበት ወፍጮ እንዳላለፈ አረጋግጪ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። እሺ፣ ስንዴውን እጀምራለሁ፤ ሥራ የማይበዛብኝን ጊዜ መርጬ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሰው ቤትና ምግብ ቤት ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? አጃስ ይበላል? አንዱ ይበላል፣ አንዱ አይበላም ይለኛል።

ከሴሊያክ ጋር የምኖር፦
ምግብ ቤት ‘ግሉተን አለው ወይ?’ ብለሽ አትጠይቂ፤ ግራ የገባው አስተናጋጅ ‘የለውም’ ነው የሚልሽ። አሠራሩን ጠይቂ፦ ሶሱ በምን ወፈረ? በየትኛው ዘይት ተጠበሰ? ዳቦ የሚጠበስበት መጥበሻ ላይ ነው? ሰው የማይበዛበት ሰዓት ሂጂ፣ ወጥ ሠሪው ራሱ ወጥቶ ያነጋግርሻል። ሰው ቤት ከሆነ ከቀኑ በፊት ደውለሽ ንገሪ፤ አንድ ለሁሉም የሚበቃ ምግብ ይዘሽ ሂጂና ቀድመሽ ከሱ አንሺ፣ የሌላ ሰው ማንኪያ ሳይገባበት።

አጃ በራሱ ስንዴ አይደለም፤ ችግሩ በእርሻና በወፍጮ ከስንዴና ከገብስ ጋር መደባለቁ ነው። ‘ከግሉተን ነጻ’ ተብሎ የተለየውን አብዛኛው የሴሊያክ ሰው ይችለዋል፣ ጥቂቶች ግን የራሱ ፕሮቲን አይስማማቸውም። ሴሊያክ ከሆንሽ መጀመሪያ ሆድሽ ይረጋጋ፣ ከዚያ በትንሹ ሞክሪው።

ጠያቂዋ፦
ልጆቼንስ ከወዲሁ ስንዴ ላስቁማቸው?

የሴሊያክ ልጅ አባት፦
ኧረ በፍጹም! ያንቺው ችግር ነው እነሱም ላይ የሚደገመው፤ ካቆሙ ምርመራው አያሳይም። ያንቺ ሴሊያክ ከተረጋገጠ ሁለቱም ደማቸው ይታያል። ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድምና እህት ላይ ከአሥር አንድ ገደማ ይገኛል፤ ምንም የማያማቸውም ጭምር። አሁን ነጻ ቢባሉም በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ሐኪሙ መቼ እንደሚደገም ይነግርሻል። ውጤትሽ እስኪመጣ ዳቧቸውን ይብሉ።