ክርክር፦ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ሲስተም ሲረከብ ጃሮቹም አብረው ይረከቡ?

ብሎክ 43
ሰላም ጎረቤቶች። ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ጋ ጀበና ቡና ላይ ጀምረን ታክሲ ሲመጣ ያቋረጥነውን ክርክር እዚህ ልቀጥለው። ያልነበራችሁም ግቡበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። (ጃር ለማያውቅ፣ ሌላ ኮድ እንዲጠቀምበት በአንድ ፋይል የታሸገ የጃቫ ላይብረሪ ነው።) ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ያሠራውን፣ ሰርቨር ላይ እየሠራ ያለ የጃቫ ሲስተም እንዳስተካክል ተጠራሁ። ርክክቡ ሲያዩት ሥርዓት የያዘ ነው፦ ማኅተም ያረፈበት ሰነድ፣ ሶርስ ኮዱ ያለበት ፍላሽ፣ በቀለም የታተመ የተጠቃሚ መመሪያ። ፖም ፋይሉን፣ ማለት ኮዱ የሚፈልጋቸው ጃሮች የተዘረዘሩበትን፣ ከፍቼ ማቭንን፣ ጃሮቹን አውርዶ ኮዱን የሚገነባውን መሣሪያ፣ አስነሳሁት። ከማቭን ሴንትራል፣ ለሁሉም ክፍት ከሆነው የጃር ማከማቻ፣ አወረደ፣ አወረደ፣ የሳምንት ዳታዬን ጨርሶ አንድ ጃር ላይ ሲደርስ ቆመ። ሠሪው ድርጅት ራሱ የጻፈው፣ የኛን ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ የሚቀይር ትንሽ ላይብረሪ ነው። የነበረው በድርጅቱ የግል ሪፖ፣ ማለት የጃር ማከማቻ፣ ላይ ብቻ ነው። ዛሬ ሰርቨሩም የለም፣ ድርጅቱም የለም።

የኔ አቋም፦ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ሲስተም ሲረከብ ኮዱ የቆመባቸው ጃሮች አንድም ሳይቀር አብረው ይረከቡ። ውሉ ላይ ይጻፍ። እናንተስ?

ግሬድሉ
በመጀመሪያ እንደ ግሬድል ያለ ሌላ የመገንቢያ መሣሪያ እያለ ማቭን መጠቀማቸው ነው ጥፋቱ 😄 በ2026ም ፖም በኤክስኤምኤል ይጻፋል?

4ኛ ዓመት
ግሬድል የሞተ ሰርቨር ያስነሳል እንዴ?

ግሬድሉ
አያስነሳም። ግን ቢያንስ ካዘዝከው የትኛው ቨርዥን እንደገባ በሎክ ፋይል ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ከፈለግክም የእያንዳንዱ ጃር ቼክሰም፣ ማለት የጣት አሻራው፣ ተመዝግቦ ሌላ ጃር በስሙ ቢመጣ ቢልዱ፣ ማለት ግንባታው፣ እምቢ ይላል። ማቭን ላይ ግን ሁለት ላይብረሪዎች አንድን ሦስተኛ ላይብረሪ በተለያየ ቨርዥን ቢጠሩ የሚያሸንፈው ለፖምህ ቀረብ ያለው ነው፤ እኩል ከራቁ ቀድሞ የተጻፈው። አዲስ ይሁን አሮጌ ግድ የለውም። ግሬድል ዝም ብለህ ከተውከው ትልቁን ቨርዥን ይወስዳል።

ብሎክ 43
እሱን ለብቻው እንከራከርበታለን። እዚህ ቤት ግሬድልም ቢሆን ያው ነበር የሚገጥመኝ። እንዲያውም የግሬድል ራፐር፣ ማለት ማስነሻው፣ መጀመሪያ ሲነሳ ግሬድልን ራሱን ከመቶ ሜጋ ባይት በላይ አድርጎ ያወርዳል፤ ብሎካችን ላይ መብራት ሲሄድ ኔትወርኩ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ።

ጋሼ ጉንዳን
ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። ስሜን ያወጡልኝ እዚሁ ግሩፕ ውስጥ ነው፤ እስካሁን በአንት የሚሠራ ፕሮጀክት ስላለኝ። አንት ማለት ጉንዳን ነው፤ ማቭን ከመምጣቱ በፊት፣ በ2000 እንደ ፈረንጆቹ፣ የወጣ። አንት ላይብረሪ አያወርድልህም። ኮምፓይል አድርግ፣ ኮፒ አድርግ፣ ዚፕ አድርግ ስትለው ያደርጋል፤ ላይብረሪውን የምታመጣው አንተ ነህ። ስለዚህ ብሎክ 43 የሚለውን ነገር እኛ ኖረንበታል። ሊብ የሚባል ፎልደር ነበረን፣ ጃሮቹ በሙሉ እዚያ ነበሩ፣ ከኮዱ ጋር ተረከቡ። ሲያዩት ሙሉ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን አንድ ስሕተት ወጣና ፎልደሩን ከፈትኩት። ኮመንስ ኮሌክሽንስ ነጥብ ጃር ይላል። ስንተኛው ቨርዥን? አይልም። አጠገቡ ደግሞ ኮመንስ ኮሌክሽንስ አዲስ ነጥብ ጃር። ከሱ አጠገብ ደግሞ የአንዱ ልጅ ስም የተጨመረበት፣ ልጁ ውስጡን ነካክቶታል። ከሦስቱ የትኛው እንደሚሠራ ለማወቅ አንድ በአንድ እያወጣሁ ሞከርኩ። ጃር መረከብ ማለት ምን እንደተረከብክ ማወቅ ማለት አይደለም። እኔ በዚህ ሐሳብ አልስማማም።

ብሎክ 43
ጋሼ፣ እርስዎ ይቃወሙኛል ብዬ በፍጹም አልጠበቅሁም!

4ኛ ዓመት
ብሎክ 43፣ አንድ ጥያቄ። ሲስተሙ እየሠራ ነው አላልክም? ታዲያ ሰርቨሩ ላይ ያለው ዋር ፋይል፣ ሲስተሙ በሙሉ የታሸገበት፣ ውስጥ ጃሩ አለ ማለት ነው። ዋር እኮ ዚፕ ነው።

ብሎክ 43
ጎበዝ። እኔም መጨረሻ ላይ ያደረግኩት እሱን ነው። ፈታሁት፣ ሊብ ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ደስታዬ ግን አልቆየም፤ ፖሙ የሚጠራው 1.3 ስናፕሾት ነው፣ ዋሩ ውስጥ ያለው 1.2። ስናፕሾት ማለት ለማያውቀው፣ ገና ያልጸና፣ ዛሬ ያወረድከውና ነገ የምታወርደው በአንድ ስም ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን የሚችል ቨርዥን ነው። መሥሪያ ቤቱ የተረከበው ኮድና እየሠራ ያለው ሲስተም አንድ አይደሉም ማለት ነው። ይኼ ነው የሚያሳብደኝ።

ዘበኛዋ
ሴኪዩሪቲ ነው ሥራዬ፤ ስለዚህ ዘበኛ በሉኝ። ብሎክ 43፣ ንዴትህ ይገባኛል፣ መፍትሔህ ግን ያስፈራኛል። ታኅሣሥ 2014ን አስታውሱ፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 2021። ሎግፎርጄ፣ ሲስተም የሚያደርገውን በሎግ የሚመዘግበው የጃቫ ላይብረሪ፣ ላይ ያ ጉድ ወጣ፤ አንድ ሰው የሚጽፈው ጽሑፍ ሎግ ውስጥ ሲገባ ብቻ የራሱን ኮድ ሰርቨርህ ላይ ማስኬድ ቻለ። እስከ 2.14.1 ያለው ተጋላጭ ነበር። 2.15.0 ወጣ፤ አልበቃም። 2.16.0፣ 2.17.0፣ ወሩ ሳያልቅ 2.17.1። በአንድ ወር ውስጥ አራት ጊዜ። ጃሮቹን ቆጥሮ ካዝና ውስጥ ያስገባ መሥሪያ ቤት ያንን ወር እንዴት ያልፈዋል? የተረከብኩት ይኸው፣ አትንኩብኝ ነው የሚለው።

እኔ የምፈልገው ጃሩን ሳይሆን ዝርዝሩን ነው። የዚያን ሳምንት ማቭን ዲፔንደንሲ ትሪ ብለው ዛፉን፣ ማለት የትኛው ላይብረሪ የትኛውን እንደሚጠራ የሚያሳየውን፣ ማውጣት የቻሉ ሰዎች በደቂቃ አወቁ፤ ሎግፎርጄን ራሳቸው ባይጠሩት እንኳ በሌላ ላይብረሪ ጀርባ ታዝሎ መግባቱን አዩት። ያልቻሉት ሰርቨር በሰርቨር ፋይል ሲፈልጉ ከረሙ። ሳይክሎን ዲኤክስ የሚባለው ፕለጊን፣ ማለት የመገንቢያ መሣሪያው ተቀጥላ፣ ዝርዝሩን በራሱ ያወጣል፤ ከነቨርዥኑ፣ ከነላይሰንሱ።

አንድ ነገር ልበላችሁ። መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ወንበር ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል። ሲወጣ ሞዴል 22። ሲስተሙን ተሸክመው ለቆሙት ጃሮች ግን አንዲት ወረቀት የለችም። ዲፔንደንሲን፣ ማለት ኮዱ የቆመበትን ላይብረሪ፣ በአማርኛ ጥገኛ ብሎ የተረጎመው ሰው የሆዱን ጥገኛ ሳያስብ አልቀረም፤ መኖሩን የምታውቀው ሲያምህ ነው።

የግዥ ሰው
ሞዴል 19ን ካነሳሽው እኔ ልግባ፤ ለዓመታት የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አሁን ከዚያ ወጥቻለሁ። ልጆች፣ ርክክብ እንዴት እንደሚካሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኮሚቴ አለ። አንዱ ከፋይናንስ፣ አንዱ ከንብረት፣ አንዱ ከተጠቃሚው ክፍል። ፍላሹ ይመጣል። ፍላሽ፣ ብዛት 1፣ ተብሎ ይጻፋል። ቀልድ አይደለም። ውስጡ ምን እንዳለ የሚጠይቅ ሰው ካለ ስንት ጂቢ ነው ብሎ ነው። እናንተ ውል ላይ ጃሮች በሙሉ ብላችሁ ብትጽፉ፣ ተጫራቹ አንድ ፎልደር ጃር ያመጣል፣ ኮሚቴው ይቆጥራል፣ ይፈርማል። የጋሼ ጉንዳን ሊብ ፎልደር በማኅተም ይመጣል ማለት ነው። ዝርዝርም ብትሉ ያው፣ በቀለም አትመው ያመጡላችኋል።

ደግሞ እያንዳንዱ አዲስ አንቀጽ ዋጋ ላይ ይደመራል። እንደናንተ ሦስት ሆነው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቢሮ የከፈቱ ልጆች ናቸው መጀመሪያ የሚወድቁት።

4ኛ ዓመት
እኔ ከብሎክ 43 ጋ ነኝ፣ በሌላ ምክንያት። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሳምንታት ሲቆይ ታላቅ ወንድሜ ፕሮጀክት ማስረከብ ነበረበት። ከጓደኞቹ ውስጥ አንዱ ብቻ ነው ጃሮቹን በሙሉ ቀድሞ ያወረደው። የዚያ ልጅ ነጥብ ኤምቱ ፎልደር፣ ማለት ማቭን ያወረደውን የሚያከማችበት፣ በሃርድ ዲስክ ከኮዬ ፈጬ እስከ ቃሊቲ ቤት ለቤት ዞረ። የሚገርመው ወንድሜ ጋ ደርሶም አልሠራም። ጃሩ በዓይን ይታያል፣ ማቭን የለም ይላል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የገባቸው፦ ከእያንዳንዱ ጃር አጠገብ ሪሞት ሪፖዚተሪስ የምትባል ትንሽ ፋይል አለች፣ ጃሩ ከየትኛው ሪፖ እንደመጣ ትመዘግባለች። የሰጪው ልጅ ማሽን ላይ የሪፖው መጠሪያ ሌላ ስለነበር ማቭን ይኼን አላውቀውም አለ። ፋይሎቹን በሙሉ አጠፏቸው፣ ሠራ።

ስለዚህ ጃሩ እጃችን ላይ ይኑር። ኢንተርኔት አለ ብሎ መተማመን እኛ ሀገር ቅንጦት ነው።

ግሬድሉ
ማቭን ሴንትራል እኮ አንዴ የወጣን ነገር አያጠፋም፣ አይቀይርምም። ሃያ ዓመት ሆኖት ቆሟል። የሕዝብ ላይብረሪውን ለምን እንሸከማለን? የጠፋው የድርጅቱ የግል ጃር ብቻ ነው፤ እሱን ብቻ ይረከቡ።

ዘበኛዋ
ጄሴንተር የሚባለው የጃር ማከማቻም ቆሞ ነበር። አንድሮይድ የሚሠራ ሁሉ ከሱ ነበር የሚያወርደው። ፌብሩዋሪ 2021 ላይ ባለቤቱ በቃን አለ፤ ስንቱ ፕሮጀክት ሪፖውን ሲቀይር ከረመ። ሴንትራልም ቢሆን ከጃንዋሪ 15፣ 2020 ጀምሮ ያለ ኤችቲቲፒኤስ፣ ማለት ባልተመሰጠረ መንገድ፣ የሚመጣውን አላስተናግድም ብሏል። አሮጌ ቢልድ ይዘህ ብትመጣ ጃሩ ሳይጠፋ በሩ ተቀይሮ ታገኘዋለህ።

ጋሼ ጉንዳን
የኦራክል ዳታቤዝ ድራይቨርን፣ ኮዱን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘውን ጃር፣ የረሳችሁት ይመስላል። ስንት ዓመት ሴንትራል ላይ አልነበረም! እያንዳንዳችን ከድረ ገጹ አውርደን በእጃችን ነበር ወደ ማቭን የምናስገባው፣ ቨርዥኑንም እንደፈለግን እየሰየምን። እሱን በፍላሽ ለሌላ ማስረከብ ላይሰንሱ ይፈቅዳል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ጃሮች በሙሉ ስትል እሱንም አስብ ልጄ።

ብሎክ 43
እሺ፣ ብዙ ተባለ። ዛሬ ማታ ሥራ ስለሌለኝ የራሴን ሐሳብ በራሴ ፕሮጀክት ላይ ልሞክረው። ያጣራሁትን አመጣለሁ።

ብሎክ 43
ሌሊት 6 ሰዓት ከሩብ ነው፣ ለነቃችሁ። የባለቤቴን ላፕቶፕ ወሰድኩ፣ ጃቫና ማቭን ብቻ ጫንኩበት። ሌላ ምንም የለውም። ኮዱን ገለበጥኩ። ማቭን ዲፔንደንሲ ጎ ኦፍላይን፣ ማለት ያለ ኢንተርኔት ለመሥራት የሚያስፈልገውን ሁሉ አውርድ፣ አልኩት፤ ሁሉንም አውርጃለሁ፣ ተሳክቷል አለኝ። ዋይፋዩን አጠፋሁ፣ የስልኬንም ዳታ ዘጋሁ። ኦፍላይን ብዬ ቢልድ አስጀመርኩ።

ኮምፓይል አደረገ። ደስ አለኝ። ቴስቶቹ ጋ ሲደርስ ቀይ ሆነ። ሹርፋየር፣ ቴስት የሚያስኬደው ፕለጊን፣ ጁኒትን፣ ቴስቶቹ የተጻፉበትን ላይብረሪ፣ የሚያስነሳለትን ጃር ፖም ላይ ጽፎ አያስቀምጥም፤ የትኛውን ጁኒት እንደምትጠቀም አይቶ ቴስቱ ሊጀመር ሲል ነው የሚጠራው። ጎ ኦፍላይን ስለዚያ ጃር አያውቅም። ዛፉ ላይም አይታይም፣ ምክንያቱም የፕሮጀክቱ ሳይሆን የፕለጊኑ ነው።

እና እኔው የጻፍኩት ፕሮጀክት፣ በእጄ ያለ፣ በኔ አንቀጽ መሠረት ጃሮቹን በሙሉ ባስረክብ ኖሮ ጎድሎ ነበር የሚረከበው። ማንም አያውቅም ነበር፣ እኔም ጭምር።

ዋይፋዩን መልሼ ከፈትኩ፣ ለማቭን ባዶ ፎልደር ሰጥቼው ቢልዱን እስከ ቴስቱ መጨረሻ አንድ ጊዜ አስኬድኩት፣ ከዚያ መልሼ ዘጋሁ። አሁን ያለ ኢንተርኔት አለፈ። የሠራው ያ ፎልደር ነው።

ዘበኛዋ
ስለዚህ አንቀጽህን ቀየርክ?

ብሎክ 43
ቀየርኩ። ጃር ቆጥሮ መረከብ ይቅር። የመጨረሻው ክፍያ ከመለቀቁ በፊት ሠሪው ድርጅት ያልነካው ማሽን ላይ፣ ኢንተርኔት ተነቅሎ፣ ኮዱ ከነቴስቱ ይገንባ፤ የወጣው ዋርም ሰርቨሩ ላይ የሚወጣው ራሱ ይሁን። የተሠራበት ፎልደር ይረከብ፣ ያንቺም ዝርዝር አብሮ ይግባ፤ በየጊዜው ለማደስ እንዲመች።

ግሬድሉ
ግሬድልም ኦፍላይን አለው፤ ማንም ማንንም አያስገድድ። በዚህ እስማማለሁ።

የግዥ ሰው
እኔ ገና አልተስማማሁም። በጽሑፍ ደረጃ ያማረ ነው። ኮሚቴው ክፍል ውስጥ ከፋይናንስ የመጣው፣ ከንብረት የመጣው፣ ሠሪውም ቁጭ ብሎ፣ ዋይፋዩን የሚያጠፋው ማነው? ቀይ ሲወጣስ፣ አይ ይኼ ችግር የለውም ሲላቸው፣ ቀይ መሆኑን አይቶ አልፈርምም የሚል ማነው?

ጋሼ ጉንዳን
ቀይ እና አረንጓዴ መለየት እኮ ዲግሪ አይፈልግም።

የግዥ ሰው
ጋሼ፣ አለመፈረም ነው ዲግሪ የሚፈልገው።

ብሎክ 43
ቅዳሜ ከሰዓት አደባባዩ ጋ እንገናኝ፤ ላፕቶፑን ይዤ እመጣለሁ። አንተ ደግሞ እስካሁን ሞዴል 19 የሚፈርም አንድ የድሮ ባልደረባህን ይዘህ ና። ምንም ሳንነግረው እናስቀምጠውና ቀይ ሲወጣ ምን እንደሚል እንይ።

የግዥ ሰው
አመጣዋለሁ። ቡናው በናንተ ነው።