እስከ 100 ዶላር የሚገዛ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ፦ የትኛው ይሻለኛል?

ጥያቄ (ጀማሪ አድማጭ)
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ በሚቀጥለው ወር ከዱባይ ትመጣለችና አጭር ሞገድ የሚይዝ ትንሽ ሬዲዮ እንድትገዛልኝ አስቤአለሁ። ለዜና ብቻ ሳይሆን ማታ ማታ የሩቅ አገር ጣቢያ ለማደን ነው የምፈልገው። ቴክሰን ፒ.ኤል-330 እና ኤክስ.ኤች.ዳታ ዲ-808 ተጠቁመውኛል። መርካቶ የሚሸጠው «11 ባንድ» ዋጋው በጣም ያነሰ ነው፤ እሱ አይበቃም? ቤቴ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው።

መልስ (ባለ ሽቦው)
ጋሼ፣ «11 ባንድ» የሚለው ጽሑፍ አያታልልዎ። አንዱ ኤፍ.ኤም፣ አንዱ መካከለኛ ሞገድ ነው፤ የቀረው ያው አጭር ሞገድ ተቆራርጦ ነው። በቁራጮቹ መካከል ያለ ጣቢያ ላይ አይደርሱም። መርፌዋን ነካ ሲያደርጓት ሁለት ሦስት ጣቢያ ታልፋለች፣ ሬዲዮው ሲሞቅ ደግሞ የያዙት ጣቢያ ቀስ እያለ ይሸሻል።

ሌላው ችግር የጣቢያ ጥላ ነው። የብዙዎቹ ርካሽ ሬዲዮዎች ውስጣዊ ድግግሞሽ 455 ኪሎኸርዝ ነው፤ ስለዚህ ኃይለኛ ጣቢያ በእጥፉ፣ ማለትም 910 ኪሎኸርዝ ዝቅ ብሎ እንደገና ይሰማል። 9700 ላይ ያለ ጣቢያ 8790 ላይም ካገኙት ሁለተኛው ጥላው ነው። ለአዳኝ ይህ ያስመርራል፤ የያዙትን በትክክል አያውቁትማ። ቁጥር የሚያሳይና ድግግሞሹን በቁልፍ የሚያስገቡበት ይግዙ።

መልስ (የሌሊት አድማጭ)
ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ለእርስዎ ግን ፒ.ኤል-330ን እመርጣለሁ። ምክንያቴ ባትሪው ነው። ቢ.ኤል-5ሲ ይባላል፤ ያው የድሮው ኖኪያ 1100 ባትሪ ነው፣ ሞባይል ጥገና ቤት ሁሉ ይገኛል። ሲገዙ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው በጣት ያሽከርክሩት፤ እንደ እንዝርት ከዞረ ሆዱ አብጧል ማለት ነውና ይተዉት።

ደግሞ ራሱ ፈልጎ የሚመዘግብበት ኢ.ቲ.ኤም የሚባል ቁልፍ አለው። ያገኛቸውን ጣቢያዎች ለየሰዓቱ ለብቻ ያስቀምጣል። የማታ 3 ሰዓቱ ዝርዝር ከጠዋት 1 ሰዓቱ ጋር አይደባለቅም፤ አጭር ሞገድ ደግሞ በየሰዓቱ የሚለዋወጥ ነገር ነው።

መልስ (ባለ ሽቦው)
እኔ ዲ-808ን አልንቅም። ድምፁ ይሞላል፣ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ያለውን የአውሮፕላን ባንድም ይይዛል። ባትሪው 18650 የሚባለው ዓይነት ነው። «9900» ተብሎ የተጻፈበትን የባትሪ መብራት ባትሪ ግን አይግዙ፤ እውነተኛው ከ3500 ሚሊአምፒር-ሰዓት አካባቢ አያልፍም። ልጅዎ ትርፍ ባትሪ ካመጣች በእጅ ሻንጣዋ ትያዘው፤ ትርፍ የሊትየም ባትሪ ለአውሮፕላን ጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም።

ጥያቄ (ጀማሪ አድማጭ)
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱም ላይ ኤስ.ኤስ.ቢ የሚል አለ፤ ምን ያደርግልኛል?

መልስ (አንቴና ሠሪ)
የአማተር ሬዲዮ ሰዎችና በረዥም ርቀት ላይ ያሉ አውሮፕላኖች የሚያወሩበት መንገድ ነው። ኃይል ለመቆጠብ የሞገዱን ግማሽና ተሸካሚውን (ድምፁ የሚጫንበትን ሞገድ) ቆርጠው ይልካሉ፤ የጎደለውን ተሸካሚ ሬዲዮዎ ራሱ ይተካል። ያለ ኤስ.ኤስ.ቢ አፍንጫው እንደተያዘ ሰው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ከ7000 እስከ 7200 ኪሎኸርዝ ኤል.ኤስ.ቢ (ታችኛው ግማሽ) ላይ፣ ከ14000 እስከ 14350 ዩ.ኤስ.ቢ (ላይኛው ግማሽ) ላይ አድርገው በጣም ቀስ ብለው ይፈልጉ። የኢትዮጵያ አማተሮች መጥሪያ፣ ማለትም የጣቢያቸው መለያ ስም፣ በኢ.ቲ ይጀምራል፤ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢ.ቲ.3.ኤ.ኤ ነው።

ከሬዲዮው ምርጫ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ኮንዶሚኒየሙ ነው። ብረት ያለበት ኮንክሪት ሞገዱን ይከለክላል፤ የኤል.ኢ.ዲ አምፖል፣ የሞባይል ቻርጀርና የፍሪጅ ስታቢላይዘር ደግሞ ጣቢያውን የሚውጥ ጫጫታ ይረጫሉ። ብዙ ሰው በዚህ የተነሳ ደህና ሬዲዮ «አይሠራም» ብሎ ይመልሳል። እንዲህ ይሞክሩት፦ ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ብቻ 7000 አካባቢ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ ያቁሙት፤ ከዚያ የቤቱን ብሬከር ያጥፉ። ጫጫታው ከወደቀ ጥፋቱ ቤትዎ ውስጥ ነው፤ መልሰው ያብሩና ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ያግኙት። ካልወደቀ ከጎረቤት ወይም ከመስመሩ ነው፣ ያኔ ማምለጫው በረንዳ ላይ መውጣት ነው።

በረንዳው ላይ ፕላስቲክ ሽፋን ያለው ቀጭን ሽቦ ከ7 እስከ 10 ሜትር ይዘርጉ። ጫፉን 2 ሳንቲሜትር ልጠው የሬዲዮው አንቴና ላይ በመቆንጠጫ ያያይዙ። ከኤሌክትሪክ መስመር በላይም በታችም እንዳያልፍ፣ ቆርቆሮም ላይ እንዳይተኛ። በሁሉም ቦታ ሁለት ሦስት ጣቢያ ተደራርቦ ከሰሙ ሽቦው በዝቶበታል፤ ያሳጥሩት፣ ወይም ሳይልጡ አንቴናው ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ብቻ ይጠምጥሙት። ክረምት ላይ ደመና ሲያጉረመርም ሽቦውን ነቅለው ወደ ውጭ ይጣሉት። መብረቁ ቤትዎን ባይመታም በሽቦው የሚገባው ኃይል የሬዲዮውን መግቢያ ያቃጥላል።

ጥያቄ (ጀማሪ አድማጭ)
ፒ.ኤል-330 ይሁን ብያለሁ። የት ባንድ ላይ ልጀምር?

መልስ (የሌሊት አድማጭ)
ከመሸ በኋላ ከ5900–6200፣ ከ7200–7450 እና ከ9400–9900 ኪሎኸርዝ። ቀን ከ15100–15800 እና ከ17480–17900። ፀሐይ ሳለች ዝቅተኛው ድግግሞሽ ይዋጣል፣ ስትጠልቅ ይከፈታል። ጎን ያለ ጣቢያ ከረበሸ ባንድዊድዙን (ሬዲዮው በአንድ ጊዜ የሚቀበለውን ስፋት) ወደ 2.5 ኪሎኸርዝ ያጥብቡ፤ ድምፁ ይታፈናል እንጂ ቃሉ ይለያል። መካከለኛ ሞገድ ላይ እርምጃውን 9 ኪሎኸርዝ ያድርጉ፤ በ10 ከተዉት 870 ቀጥሎ 880 ይላል እንጂ 873 ላይ አይቆምም።

የጣቢያዎች መርሐ ግብር በዓመት ሁለቴ፣ በመጋቢትና በጥቅምት፣ ማለትም በፈረንጆቹ የማርችና የኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይቀየራል፤ የቆየ ዝርዝር ይዘው አይድከሙ። ሰዓቱ የሚጻፈው በዩ.ቲ.ሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ 3 ሲቀንሱለት የእኛን ሰዓት ያገኛሉ፣ ከ12 ከበለጠ 12 ይቀንሱ። 16:00 ካለ ምሽት 1 ሰዓት፣ 18:00 ካለ 3 ሰዓት ነው።