ዘጠኝ ካሬ ብሎክ እኩል አልመጣልኝ አለ፤ አቆራረጤ ነው ወይስ ስፌቴ?

አዲስ መርፌ (ጅማ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከልብስ ሰፊዎች የተረፈ ቁርጥራጭ ገጣጥሜ የአልጋ ልብስ ልሰፋ ነው። ካሬዎቹን 8.5 በ8.5 ሳ.ሜ. ቆርጫለሁ፤ ለስፌት በየጎኑ 7.5 ሚ.ሜ. ማለት ነው። ዘጠኙ ሦስት በሦስት ሆነው አንድ ብሎክ ሲገጣጠሙ ጎኑ 22.5 ሳ.ሜ. መምጣት ነበረበት። አንዱ 21.5፣ ሌላው 22 ይሆናል። የካሬዎቹ ማዕዘን የሚገናኝበት ቦታም አይገጥምም። መኪናዬ የእግር ናት። ደግሞስ 147 በ189 ሳ.ሜ. ለሚሆን ስንት ሜትር ጨርቅ ይበቃል?

ባለሜትር
እህቴ፣ ስፌትሽ ነው። ሦስት ካሬ ጎን ለጎን 25.5 ሳ.ሜ. ነው። በመሃላቸው ሁለት ስፌት አለ፤ እያንዳንዱ ከግራም ከቀኝም ይወስዳል። አራት ጊዜ 7.5 ሚ.ሜ. 3 ሳ.ሜ. ነው፤ 22.5 ይቀራል። 21.5 ከመጣ 1 ሳ.ሜ. እያስገባሽ ሰፍተሻል። 2.5 ሚ.ሜ. አንድ ስፌት ላይ ዓይን አይገባም፤ አራቴ ሲደጋገም ግን ብሎክ ያበላሻል።

ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናውን እግር ጠርዝ አትመኚ፤ ስፋቱ ከመኪና መኪና ይለያያል። ወረቀት ላይ ከዳሩ 7 ሚ.ሜ. ገባ ብለሽ መስመር አስምሪ፤ ግማሿ ሚሊ ሜትር ክሩና እጥፋቱ የሚበሉት ናት። መርፌውን በእጅሽ አውርደሽ መስመሩ ላይ አሳርፊ፤ በወረቀቱ ዳር ልክ መኪናዋ ላይ ፕላስተር አራት አምስት ጊዜ ደራርበሽ ለጥፊ። ጨርቁ ያንን ግድግዳ ተደግፎ ይሄዳል። ጨርቅ የሚስቡትን ጥርሶች ብቻ እንዳይሸፍን። ከዚያ በሦስት ካሬ ሞክሪው፤ ስትተኩሺው የመሃሉ ካሬ ልክ 7 ሳ.ሜ. መሆን አለበት። 7 ካልሆነ ፕላስተሩን አንቀሳቅሺ እንጂ ወደ ቀጣዩ አትለፊ።

የጨርቅ ክር
ስፌቱ እንዳለ ሆኖ፣ ቁርጥራጭ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ልብስ ሰፊ የሚጥለው አብዛኛው ከብብትና ከአንገት ዙሪያ የተረፈ ነው፤ ዳሩ በሰያፍ የሄደ ስለሆነ ስትሰፊው ይለጠጣል። በሁለት እጅ ይዘሽ ሳብ አድርጊው፤ እንደ ላስቲክ ከሄደ ሰያፍ ነው። ካሬውን የጨርቁን ክር ተከትለሽ አስምሪ። የፋብሪካ ዳሩንም ቁረጪና ጣዪ፣ ሲታጠብ ይሸበሽባል።

መለኪያሽ ካርቶን ከሆነ ደግሞ ማዕዘኑ በሳሙና ስባሪው እየተፋቀ ይዶለዱማል፤ ሃምሳኛው ካሬ ከመጀመሪያው ያንሳል። ያረጀ የራጅ ፊልም ቆርጠሽ ተጠቀሚ።

ሐሙስ ገበያ
ካሬ በካሬ ለምን ትሰፊያለሽ? 8.5 ሳ.ሜ. ስፋት ያላቸው ረጃጅም ቁራጮች አዘጋጂ። ሦስት ሦስት እያደረግሽ፣ አንዱን ጥቁር–ነጭ–ጥቁር፣ ሌላውን ነጭ–ጥቁር–ነጭ አድርገሽ በቁመት ስፊ፤ ተኩሺ፤ ከዚያ በየ8.5 ሳ.ሜ. አግድም ቁረጪ። ሁለት የመጀመሪያው፣ አንድ የሁለተኛው፣ ብሎክ ሆነ። ስፌቱ መሃሉ ላይ ስለሚቆረጥ እንዳይፈታ ርዝመቱን ወደ 2 ሚ.ሜ. አሳጥሪው።

ማዕዘኑ የማይገጥመው በአተኳኮስ ነው። የስፌቱን ትርፍ ሁሌ ወደ ጥቁሩ አጥፊ። ያኔ በአንዱ ረድፍ ወደ ውጭ፣ በሌላው ወደ መሃል ይተኛል። ሁለቱን ረድፍ ስታጋጥሚ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት አሸት አሸት አድርጊ፤ ሁለቱ ጉብታዎች ቀጭ ብለው ይያያዛሉ። እዚያው በስፒል ያዢው። በሚተኮስበት ጊዜ ካውያውን እያነሳሽ አሳርፊ፤ ከጎተትሽው ይለጥጠዋል።

ብሎኮቹ እርስ በርስ ሲሰፉ እያንዳንዱ 21 ሳ.ሜ. ስለሚሆን ለልክሽ 7 በ9 ብሎክ ነው፤ 63። 32ቱን ዘጠኝ ካሬ፣ 31ዱን ባዶ (ሳይገጣጠም ከአንድ ጨርቅ የተቆረጠ) 22.5 ሳ.ሜ. አድርገሽ እያፈራረቅሽ ብታስቀምጪ ስራው በግማሽ ይቀንሳል፣ ማዕዘኖቹም አራቱም ዘጠኝ ካሬ ይሆናሉ። ወርዱ 110 ሳ.ሜ. ከሆነ ጥቁር 1.4 ሜትር፣ ነጭ 1.1፣ ለባዶዎቹ 1.9። ለገበሩ አቡጀዲ 3.2 ሜትር፤ ሁለት ቦታ በ1.6 ቆርጠሽ ገጥሚው። አቡጀዲ ይሰበሰባል፤ ሳይቆረጥ ይታጠብ። ጅማ ክረምት ላይ ደግሞ በደንብ ሳይደርቅ አትለኪ።

አዲስ መርፌ
እግዜር ይስጥልኝ! ቴትሮንና (ፖሊስተርና) ጥጥ ተቀላቅሎብኛል፣ በምን ልለየው?

የጨርቅ ክር
ከዳሩ ክር መዘሽ ለኩሺው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ በጣት ይበናል። ቴትሮን ቀልጦ ደረቅ እንክብል ይሆናል። አንድ ብሎክ ውስጥ አታቀላቅያቸው፤ ጥጡ የሚፈልገው የካውያ ሙቀት ቴትሮኑን ያጨማትረዋል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ካለሽ ደግሞ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርገሽ ተኩሺ፤ ቀለም ከለቀቀ ከነጩ ጋር እንዳትሰፊው።